ግራሙ የት ነው ያለው? «ላባ» ስለተባሉት የቪአርና የኤአር መነጽሮች ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ራስ ላይ ስለሚደረጉ የቪአርና የኤአር ማሳያዎች የቀረበ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሲነበብና ሲጠቀስ ሰንብቷል። ቪአር ዓይንን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ሌላ ዓለም የሚያሳየው ሲሆን፣ ኤአር ደግሞ የምናየውን ሳይሸፍን ምስል የሚደርብበት ነው። የጽሑፉ ክርክር ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ 70 እና 80 ግራም የሚመዝኑ፣ ጸሐፊው «ላባ» ያሏቸው መነጽሮች ገበያ ላይ እያሉ ግማሽ ኪሎ የሚከብድ ሄድሴት (ራስ ላይ የሚታሰር ማሳያ) የሚሠሩ ኩባንያዎች ሰንፈዋል፤ ባትሪውን ኪስ መክተት፣ ሌንሱን በቀጭን ፕላስቲክ መተካት፣ ብረቱን በቀላል ብረት መለወጥ፣ ለኤአር መብራቱን ማጉላት፣ ስሌቱን ለስልክ መስጠት፣ ማሰሪያውን አንድ ዓይነት ማድረግ ይበቃል። ጸሐፊው ርዕሱን ማንሳታቸው ደግ ነው። የምንቃወመው በየነጥቡ ውስጥ የተደበቀውን አንድ ሐሳብ ነው፤ ግራም ሲቀነስ ዝም ብሎ ይጠፋል የሚለውን። የተቀነሰ ግራም ወይ ሌላ ቦታ ሄዶ ይቀመጣል፣ ወይ በእይታ ስፋት፣ በብርሃን፣ በሙቀት ይከፈልበታል።

ከንጽጽሩ እንጀምር። ጸሐፊው 69 ግራም የሆነውን እ.ኤ.አ. የ2025ቱን ሜታ ሬይ-ባን ዲስፕሌይ እና 79 ግራም የሆነውን ኤክስሪል ኤርን ከ515 ግራሙ የሜታ ቪአር ሄድሴት ከኩዌስት 3 ጎን አሰልፈዋል። ይህ ሞተር ብስክሌትን ከአይሱዙ ጋር በነዳጅ ፍጆታ እንደማወዳደር ነው። ሬይ-ባን ዲስፕሌይ ምስል የሚያሳየው ለቀኝ ዓይን ብቻ፣ 20 ዲግሪ በምታህል መስኮት፣ በ600 በ600 ፒክስል ነው፤ መልእክት ለማንበብና መንገድ ለመጠቆም ይበቃል። ኤክስሪል ኤር 46 ዲግሪ ያሳያል፤ ባትሪ ግን የለውም፤ ኃይሉንም ምስሉንም በዩኤስቢ-ሲ ገመድ ከስልክ ይወስዳል። ኩዌስት 3 ወደ ጎን 110 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ለእያንዳንዱ ዓይን 2064 በ2208 ፒክስል አለው፤ ባትሪው፣ ፕሮሰሰሩ፣ ካሜራዎቹና ድምጽ ማጉያዎቹ አብረውት ራስ ላይ ናቸው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ነገር ሰፊ እይታ ለምን እንደሚከብድ ነው። ሒሳቡ አንድ መስመር ነው። ሌንሱ ከዓይን 18 ሚሜ ርቆ 110 ዲግሪ ያሳይ ከተባለ የሌንሱ ስፋት 2 × 18 × ታንጀንት 55፣ ወደ 51 ሚሜ ይመጣል። ዓይን ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ሄድሴቱም ትንሽ ሲንሸራተት ምስሉ እንዳይጠፋ ቢያንስ 10 ሚሜ ይጨመርበታል፤ 61 ሚሜ። በዚያው ርቀት 50 ዲግሪ ብቻ ቢፈለግ 17 ሲደመር 10፣ 27 ሚሜ ይበቃል። ቅርጹ እንዳለ ሲሰፋ የሌንስ ክብደት በዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ ሰፊው ሌንስ ከጠባቡ ከ11 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ይባስ ብሎ በሁለት ዓይኖች ብሌን መካከል ያለው ርቀት 58 ሚሜ የሆነ ሰው ፊት ላይ ሁለት 61 ሚሜ ሌንሶች ጎን ለጎን አይገቡም፤ በአፍንጫው በኩል መቆረጥ አለባቸው፤ ሲቆረጡም ሁለቱ ዓይኖች በጋራ የሚያዩት መሐል ይጠባል። ስፋቱን ለማግኘት ሌንሱን ወደ ዓይን ማስጠጋት ይቻላል፤ ያኔ መነጽር የሚያደርግ ሰው ከደንበኝነት ወጣ ማለት ነው።

ጸሐፊው በድል አድራጊነት የጠቀሱት የመጀመሪያው ቢግስክሪን ቢዮንድ የተባለ የቪአር ሄድሴት 127 ግራም መሆኑ እውነት ነው። እንዴት 127 ግራም እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ባትሪና ፕሮሰሰር የለውም፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይታሰራል። ቦታውን የሚለይበት ጨረር ክፍሉ ውስጥ ከሚተከሉ ጣቢያዎች ይመጣል። የፊት ትራሱ በገዢው ፊት ስካን ልክ ይሠራል፤ የሌንሶቹ ርቀትም ለገዢው ተለክቶ ይቆለፋል፤ ሌንሶቹን የሚያንቀሳቅሱት ማዞሪያ ዘንግና ሐዲድ ቀርተዋል ማለት ነው። ብልህ ሥራ ነው። ለወንድም ወይም ለጎረቤት የማይዋስ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ሠላሳ ተማሪ የማይቀባበለው ሥራም ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ባትሪውን ኪስ መክተት ነው። የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ።

ሁለት ኪሎ ስኳር ደረት ላይ አቅፎ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ እኩል አይደለም፤ አንገትም የሚሸከመው ግራምን በርቀት አባዝቶ ነው። ጭንቅላት አንገት ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚያዘነብልበት መገጣጠሚያ በግምት በጆሮ ቀዳዳ ትይዩ ነው፤ ከዚያ እስከ ፊት 10 ሴሜ ያህል አለ። የሄድሴቱ የፊት አካል 400 ግራም ቢሆንና የክብደት ማዕከሉ ከፊታችን 3 ሴሜ ወጣ ብሎ ቢገኝ 400 × 13 = 5,200 ግራም-ሴሜ ነው፤ በኒውተን-ሜትር 0.51። ከዚህ ውስጥ 80 ግራም ባትሪ አውጥተን እንደ ጸሐፊው ምክር ኪስ ብንከተው 1,040 ይቀነስና 4,160 ይቀራል። ሃያ ከመቶ አተረፍን። ያንኑ ባትሪ ከመገጣጠሚያው 10 ሴሜ ወደ ኋላ፣ ማጅራት በላይ ብናስረው ግን ተጨማሪ 800 ወደ ኋላ ይስባል፤ የሚቀረው 3,360 ነው። ሠላሳ አምስት ከመቶ አተረፍን፤ ራስ ላይ ካለው ክብደት አንድም ግራም ሳይቀነስ፣ ገመድም ሳይንጠለጠል።

ይህን አምራቾቹ ያውቁታል። ማይክሮሶፍት ከመጀመሪያው ሆሎሌንስ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ክብደቱ ከ579 ወደ 566 ግራም ነው የወረደው፤ 13 ግራም ብቻ። ትልቁ ለውጥ ባትሪው ወደ ጭንቅላት ጀርባ መሄዱ ነበር። አፕል ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። የ2024ቱ ቪዥን ፕሮ 353 ግራም ባትሪውን በገመድ ኪስ ከቶ፣ ማለትም የጸሐፊውን ምክር አስቀድሞ ፈጽሞ፣ ራስ ላይ 600 እስከ 650 ግራም ነበር፤ ፊት ከበደኝ የሚለው ስሞታ ግን አልቀረም። በጥቅምት 2025 የወጣው ስሪት ከኋላ ማሰሪያው ውስጥ የተንግስተን ማመጣጠኛ ጨምሮ 750 እስከ 800 ግራም ሆነ። ኩባንያው ምቾት ፍለጋ ክብደት ጨመረ።

ማመጣጠኛ ሲባል ግን ገደብ አለው። ከላይ ያለውን 5,200 ሙሉ በሙሉ ለመሻር ከኋላ 520 ግራም ያስፈልጋል። ወደፊት የሚጎትተው ኃይል ዜሮ ሲሆን ጭንቅላትን ወደ ጎን ለማዞር የሚከብደው ኢነርሺያ ግን ይጨምራል፤ እሱ የሚቆጠረው በርቀት ስኩዌር ነውና። 400 × 169 = 67,600 የነበረው ላይ 520 × 100 = 52,000 ይደመራል፤ 77 ከመቶ ጭማሪ። ተቀምጦ ፊልም ለሚያይ ሰው ግድ የለም። ጭንቅላቱን ቶሎ ቶሎ ለሚያዞር ተጫዋች ግን ጭንቅላቱ ሲቆም ሄድሴቱ ተንሸራትቶ ያልፋል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ግማሹን ያህል ማመጣጠን አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው ስምምነት ነው።

ልኬቱን ማንም በወጥ ቤት ሚዛን ሊያደርገው ይችላል። ማሰሪያው የወለቀለትን የፊት አካል ከፊታችን የሚርቀውን የውጭ ጫፉን ሚዛን ላይ፣ ፊትን የሚነካውን ጫፉን በእኩል ከፍታ ቀጭን ድጋፍ ላይ ያሳርፉት። ሚዛኑ ያነበበውን በሁለቱ ድጋፎች ርቀት አባዝተው ለጠቅላላ ክብደቱ ያካፍሉ። 160 ግራም ቢያነብና ርቀቱ 80 ሚሜ ቢሆን፣ 160 × 80 ÷ 400 = 32 ሚሜ፤ የክብደት ማዕከሉ ከፊት ያን ያህል ርቋል። ማንኛውም ዲዛይን ግራሙ ብቻ ተጽፎ ይህ ቁጥር ካልተጻፈለት ምቾቱ አልታወቀም።

የገመዱ ነገርም ቀላል አይደለም። ኩዌስት 3 የ19.44 ዋት-ሰዓት ባትሪውን በ2.2 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ በአማካይ 9 ዋት ያህል ነው። 10 ዋት በ5 ቮልት ለመላክ 2 አምፔር ያስፈልጋል፤ ለመለዘብ ተብሎ 0.32 ሚሜ ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ 1.2 ሜትር ሲሄድና ሲመለስ ግማሽ ኦም ያህል ይቃወመዋል፤ 1 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ ወርዶ ሄድሴቱ ራሱን የሚያጠፋው በዚህ ነው። ሽቦውን ማወፈር ገመዱን ያደነድነዋል፤ ደንዳና ገመድ ደግሞ ጭንቅላት በዞረ ቁጥር ይጎትታል። መውጫው ቮልቴጁን ወደ 12 ማሳደግ ነው፤ በዚያው ቀጭን ሽቦ ኪሳራው ወደ 0.4 ቮልት ይወርዳል። ገመዱም በጉንጭ በኩል ሳይሆን በማሰሪያው ተጉዞ ከኋላ ይውጣ፤ ኮሌታ ላይ በመቆንጠጫ ይያዝ።

ሦስተኛው ነጥብ ፓንኬክ የሚባለው ሌንስ ነው፤ ጸሐፊው ያለ ዋጋ የተገኘ በረከት አድርገው አቅርበውታል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ብርሃን በግማሽ መስታወት ያልፋል፣ ፖላራይዝድ (ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ) ብርሃንን ከሚመልስ ንጣፍ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ግማሽ መስታወቱ ላይ እንደገና ተንጸባርቆ ወደ ዓይን ይሄዳል። መንገዱ ስለታጠፈ ስክሪኑ ወደ ሌንሱ ይጠጋል። ጥቅሙ ከግራም ይልቅ በርቀት ነው። ኩዌስት 3 ከቀድሞው ኩዌስት 2 በ12 ግራም ይከብዳል፤ የሌንሱ ክፍል ግን በ40 ከመቶ ቀጥኗል። የ400 ግራም አካል የክብደት ማዕከል 1.5 ሴሜ ወደ ፊታችን ቢጠጋ 600 ግራም-ሴሜ ይቀነሳል፤ ከፊት 46 ግራም እንደመቁረጥ ነው። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነን።

ክፍያው በብርሃን ነው። ግማሽ መስታወቱ ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሹን ስለሚወስድ፣ ምንም ሌላ ኪሳራ ባይኖር እንኳ ፖላራይዝድ ከሆነ ስክሪን 25 ከመቶ፣ ካልሆነ ደግሞ 12.5 ከመቶ ብቻ ነው ዓይን የሚደርሰው። በዚህ ላይ ሁለተኛ ግብር አለ። ጭንቅላት በሰከንድ 100 ዲግሪ ሲዞርና ስክሪኑ በሰከንድ 90 ምስል ሲያሳይ፣ ፒክስሉ ሙሉውን 11.1 ሚሊሰከንድ በርቶ ከቆየ ምስሉ 1.1 ዲግሪ ይጎተታል፤ በዲግሪ 25 ፒክስል ባለው ማሳያ 28 ፒክስል ዝርግ ማለት ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ከጊዜው አንድ አሥረኛውን ብቻ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዓይን ጋ 100 ኒት (ኒት የድምቀት መለኪያ ነው) እንዲደርስ ከተፈለገ፣ ሌንሱ 10 ከመቶ ቢያሳልፍና ስክሪኑ 10 ከመቶ ጊዜ ቢበራ፣ ብልጭታው 10,000 ኒት መሆን አለበት። ያ ኃይል ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ማቀዝቀዣና ፋን ይጠይቃል፤ እነሱም ግራም ናቸው። በሌንሱ በር የወጣው በማቀዝቀዣው መስኮት ተመልሶ ገባ።

ቀጭን ፕላስቲክ ይሁን ላሉት፣ የትኛው ፕላስቲክ? ፖሊካርቦኔት ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ግን ሻጋታ ውስጥ ሲቀዘቅዝ የሚቀርበት ውጥረት የብርሃኑን ፖላራይዜሽን ያዛባል። ፓንኬክ ደግሞ የሚኖረው በፖላራይዜሽን ነው፤ የተዛባው ብርሃን ሳይታጠፍ በቀጥታ ሾልኮ ጥቁር ዳራ ላይ የነጭ ጽሑፍ መንፈስ ይታያል። አክሪሊክ እና ሳይክሊክ ኦሌፊን የሚባለው ፕላስቲክ በዚህ በኩል ይሻላሉ። ሁለተኛው ክብደቱም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.01 ግራም ብቻ ነው፤ ተራ የኦፕቲክስ ብርጭቆ 2.5 ነው። ፍተሻው ርካሽ ነው፦ የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ አድርጎ ማብራት፣ ሌንሱን ፊት ለፊቱ መያዝ፣ በፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር እያዞሩ ማየት። ስክሪኑ ጨልሞ ሳለ ሌንሱ ውስጥ ቀስተ ደመና መሰል ዥንጉርጉር ከታየ ውጥረት አለ። ፕላስቲኩ ወደ ሻጋታው በገባበት ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ያ ጠርዝ ከእይታ ውጭ ይደረጋል፤ መሐል ላይ ከሆነ አክሪሊክ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሰዓታት ሞቆ በዝግታ ይቀዝቅዝ። ደህና የነበረ ሌንስ ከተገጠመ በኋላ ዥንጉርጉር ካሳየ ጥፋቱ ቡሎን አጥብቆ ያሰረው ሰው ነው፤ ሦስት ነጥብ ላይ ለስላሳ የሲሊኮን ማጣበቂያ ይበቃው ነበር።

አራተኛው፣ አሉሚኒየምን በማግኒዚየም መተካት። በክብደት ልክ ናቸው፤ 2.7 የነበረው 1.8 ይሆናል። ማግኒዚየም ግን ሲተጣጠፍም ቀላል ነው፤ ግትርነቱ ከአሉሚኒየም ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የግራና የቀኝ ምስል ከፍታ ሲለያይ ዓይን የሚታገሰው ጥቂት አርክ-ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) ነው። 63 ሚሜ በተራራቁ ሁለት ሌንሶች መካከል ክፈፉ በአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ቢጣመም 5.5 አርክ-ደቂቃ ይሆናል። ሰፊ ጭንቅላት ያለው ሰው የመነጽሩን እጆች ሲዘረጋ ይህ በቀላሉ ይደርሳል፤ ተጠቃሚው የሚያውቀው ግን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ራሱን ሲያመው ነው። ስለዚህ ብረቱን ከሁሉም ቦታ መላጥ ሳይሆን ሁለቱን ሌንሶች የሚያገናኝ አንድ አጭር ግትር ድልድይ መሥራት፣ የውጩን ቅርፊት ከስስ ፕላስቲክ ማድረግ፣ ድልድዩንም ቅርፊቱ ውስጥ በሦስት ነጥብ ብቻ ማንሳፈፍ ነው የሚሻለው። ቅርፊቱ ይጣመም፤ ድልድዩ አይሰማውም።

አምስተኛው ነጥብ ግልጽ የኤአር መነጽር የጎደለው ደማቅ መብራት ብቻ ነው የሚለው ነው። ዌቭጋይድ የሚባለው ስስ ብርጭቆ ብርሃኑን በውስጡ እያነጠረ ወስዶ ዓይን ፊት በጥቂት በጥቂቱ ያፈሳል። ብርሃኑን በጥቃቅን ጭረቶች የሚያጥፈው ዓይነት ከተሰጠው ብርሃን ዓይን ጋ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ከ1 ከመቶ አይበልጥም። ውጭ ምን ይጠብቀዋል? እኩለ ቀን ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይ 100,000 ሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ያህል ስታወርድ፣ አንድ ሦስተኛውን የሚያንጸባርቅ የሲሚንቶ ግድግዳ ወደ 10,000 ኒት ይደምቃል። 5,000 ኒት ምስል እዚያ ላይ ሲደረብ ንጽጽሩ 1.5 ለ1 ነው፤ ፊደሉ ይነበባል፣ ፎቶ ግን አይታይም። በፀሐይ የሚጠቁር መስታወት ከውጭው 20 ከመቶ ብቻ ቢያሳልፍ 2,000 ላይ 5,000 ይደረባል፤ 3.5 ለ1። ሬይ-ባን ዲስፕሌይ የሚጠቁር መስታወት የገጠመው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ላይ ግልጽ መነጽር ብርሃን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ጥቁር ቀለም ሊያሳይ አይችልም።

ስፋቱንም የሚወስነው ቁሱ ነው። ብርሃን ብርጭቆው ውስጥ ታስሮ የሚነጥረው ከተወሰነ ማዕዘን በላይ ሲያዘነብል ነው፤ ለተራ ብርጭቆ 42 ዲግሪ ያህል፣ ለሲሊኮን ካርባይድ 22 ዲግሪ ያህል። ማዕዘኑ ባነሰ ቁጥር ለምስሉ የሚተርፈው ቦታ ይሰፋል። ሜታ በመስከረም 2024 ያሳየው ኦራየን በ98 ግራም 70 ዲግሪ የደረሰው በዚህ ቁስ ነው፤ ስሌቱንም ያለ ገመድ ለሚገናኝ የኪስ ሳጥን ሰጥቶ። አንዱን ለመሥራት 10 ሺህ ዶላር ያህል እንደሚፈጅ ተዘግቧል፤ ለሽያጭም አልቀረበም። ጸሐፊው በዚህ መሣሪያ ያስረዱት ይቻላል የሚለውን ብቻ ነው።

ስድስተኛው ነጥብ ስሌቱን ለስልክ መስጠት ነው። ስልክን ካርቶን ውስጥ ከቶ ቪአር ማድረግ ተሞክሯል። ጉግል ካርድቦርድን እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥቶ ተከታዩን ዴይድሪምን በ2019 ተወው። 200 ግራም ስልክ ከፊት በጣም ርቆ ይንጠለጠላል፤ ጭንቅላት ሲዞር ያውቃል፣ ጎንበስ ወይም ጠጋ ሲሉ ግን አያውቅም፤ ሲግልም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለአምስት ደቂቃ ማሳያ ይበቃል።

የመጨረሻው፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ የላስቲክ ማሰሪያ ይበቃል የሚለው ነው። 400 ግራም በግጭት ብቻ ፊት ላይ እንዲቆም፣ የስፖንጁ የግጭት መጠን 0.5 ቢሆን፣ ማሰሪያው 8 ኒውተን ያህል ፊትን መጫን አለበት። ስፖንጁ በ40 ስኩዌር ሴሜ ቢያርፍ ጫናው 2 ኪሎፓስካል ነው፤ ጉንጭና ግንባር ላይ በ15 ስኩዌር ሴሜ ብቻ ቢነካ ግን 5.3 ይሆናል፤ በቆዳ ስር ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋሉ ከሚባልበት ከ4.3 ያለፈ። ቀይ ምልክቱና ስሞታው ከዚያ ይመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደተባለው፣ ጫናው ለግንባር፣ ለአናትና ለማጅራት መከፋፈል አለበት፤ ጉንጭ ብርሃን ከመከላከል በቀር ምንም አይሸከም። በአናት ላይ የሚያልፍ ማሰሪያ የፊቱን ክብደት ወደ ላይ ስለሚያንጠለጥል የኋላው ሳይጠብቅ ይቆማል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከእኛ ይልቅ ሊያስቡበት ይገባ ነበር፤ አንባቢዎቻቸው ሐበሾች ናቸውና። ከኋላ በጠንካራ ፕላስቲክ ቀለበትና በማጥበቂያ መዘውር የሚያዝ ሄድሴት ሹሩባ ላይ አይቀመጥም፤ ቁጥርጥሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ወይም ጉንጉኑን አንድ ቦታ እየተጫነ ያሳምማል። ጎፈሬ ላይ ደግሞ ጸጉሩ እንደ ስፕሪንግ ወደፊት ይገፋዋል። መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ማሰሪያ፣ አንዱ ከማጅራት አጥንቱ ስር፣ ሌላው ከአናት ጀርባ፣ ለሹሩባም፣ በሻሽ ወይም በሂጃብ ላይ ለሚያደርጉትም ይሠራል። የኋላ ባትሪ ካለም ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ከሹሩባው ቋጠሮ ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ 15 ሚሜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሄድ ሐዲድ ይኑረው።